የብርሃን ሰይፍን ከርካሽ የፕላስቲክ ቧንቧ ስለ መሥራት
(ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ርእስ በዚህ መድረክ ከለመድናቸው ከግድቦች፣ ከመንገዶችና ከሕንፃ መሠረቶች ጎን ሲቀመጥ የልጅ ጨዋታ እንደሚመስል አልስተውም። በእርግጥም የልጅ ጨዋታ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ያለው መጉበጥ፣ መሰንጠቅ፣ መጋልና መቃጠል በሌላው ሥራችን ዕለት ዕለት ከምናሰላው በዐይነቱ አይለይም። ልዩነቱ፣ ውኃ እንዲያስተላልፍ የተመረተው ቧንቧ ሰይፍ ሆኖ ከስምንት ዓመት ልጅ እጅ መግባቱና ሲሰበርም ስባሪው የሚያርፈው በጓደኛው ፊት ላይ መሆኑ ነው።

የብርሃን ሰይፍ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1977 ለሕዝብ በቀረበው በጆርጅ ሉካስ ፊልም፣ በ«ስታር ዋርስ»፣ የታየው የምናብ መሣሪያ ነው። ከእጀታው ብልጭ ብሎ አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የብርሃን ዘንግ ይወጣለታል፤ ሲጠፋም ተመልሶ ይገባል። እንዲህ ያለ መሣሪያ በተፈጥሮ ሕግ ሊሠራ አይችልም፤ ብርሃን በአየር ላይ አንድ ሜትር ተጉዞ በራሱ ፈቃድ አይቆምምና። ስለዚህ የሚሠራው ሁሉ ምስሉ ነው። የትምህርት ቤት ተውኔት የሚያዘጋጅ መምህር ወይም ለልጁ ስጦታ የሚያስብ አባት ይህን ምስል ለመሥራት ሲነሣ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ቧንቧ መሸጫ ሱቅ ነው። ፒቪሲ ቧንቧ ዋጋው ዝቅተኛ፣ ቅርጹ የተዘጋጀ፣ በእጅ መጋዝም የሚቈረጥ ነውና አይፈረድበትም። እኔ ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው ይህ ቧንቧ ለእጀታው እጅግ የተስማማ፣ ለሚመታው ስለት ግን የማይታመን መሆኑን ነው።

የመጀመሪያዎቹ የብርሃን ሰይፎች ራሳቸው ከተጣለና ከአሮጌ ዕቃ የተሠሩ መሆናቸውን ማወቅ ለሥራችን ይጠቅማል። ፊልሙ እንግሊዝ አገር በኤልስትሪ ስቱዲዮ ሲዘጋጅ ሮጀር ክርስቲያን የተባለው የትርኢት ዕቃ አሰናጅ ለወጣቱ ጀግና ሰይፍ እጀታ ያደረገው፣ ለንደን ከሚገኝ የፎቶግራፍ ዕቃ መደብር ያገኘውን የግራፍሌክስ ካሜራ የብልጭታ መብራት መያዣ ነበር። ይህ መያዣ ሦስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋዮች የሚጎርስ የብረት ቱቦ ነው። ክርስቲያን የጨመረበት ለእጅ መያዣ የሚሆኑ ጥቁር የፕላስቲክ ዘንጎችን፣ ከሒሳብ ማስያ መሣሪያ የወጣ የቁጥር ማጉሊያና በመታጠቂያ ላይ የሚንጠለጠልበትን ቀለበት ነው። የሽማግሌው መምህር ሰይፍ ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። እርሱ የተገጣጠመው ከሮልስ ሮይስ የጄት ሞተር ቧንቧ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የጠመንጃ ቦምብና ከእጅ መታጠቢያ የውኃ መክፈቻ እጀታ ነው። በመካከላችን ያላችሁ የቧንቧ ሥራ ባለሙያዎች ሆይ፣ ዕቃችሁ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ነበረበት! ክርስቲያንና ባልደረቦቹም በዚሁ ፊልም የሥነ ጥበብ ዝግጅት የኦስካርን ሽልማት አግኝተዋል።

እነዚያ እጀታዎች ግን ብርሃን አልነበራቸውም። በቀረጻው ጊዜ ስለት ሆኖ የሚያገለግለው አንጸባራቂ ልባስ የተደረገለት ዘንግ ነበር። ልባሱ እኛ በመንገድ ምልክቶች ላይ የምናውቀው ዐይነት ነው፤ በውስጡ ያሉት እጅግ ጥቃቅን የብርጭቆ እንክብሎች የደረሰባቸውን ብርሃን ወደ መጣበት አቅጣጫ ይመልሱታል። ከካሜራው ሌንስ አጠገብ መብራት በተደረገ ጊዜ ዘንጉ ለካሜራው እንደ ነበልባል ይበራል፤ ከጎን ቆሞ ለሚመለከተው ሰው ግን ግራጫ ዱላ ነው። በዚህ መንገድ የተገኘው ድምቀት አልበቃ ስላለ የሥዕል ባለሙያዎች ፊልሙን በየምስሉ እየተከታተሉ ቀለሙንና ጸዳሉን ጨመሩበት። ድምፁን ያገኘው ቤን በርትም የፊልም ማሳያ መሣሪያ ሞተርን ጉርምርምታ ከቴሌቪዥን ጣልቃ ገብ ድምፅ ጋር ቀላቅሎ ነው። ከሁሉም የሚታየው ነገር፣ ከምርጥ ሰይፎች አንዱ የተገኘው ዐይን ሊያየው የሚገባውንና እጅ ሊሸከመው የሚገባውን ለይተው በማሰብ መሆኑ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ዛሬ በእያንዳንዳችን ኪስ ያለው ተንቀሳቃሽ ስልክ መብራቱ ከሌንሱ አጠገብ የተተከለ ነው። እንግዲያውስ ያ በኤልስትሪ ብዙ የተደከመበት አቀማመጥ አሁን በነጻ ተሰጥቶናል ማለት ነው። ቀጥ ያለ ቧንቧ ለከባድ መኪና ጀርባ በሚለጠፈው አንጸባራቂ ፕላስተር ጠቅልላችሁ፣ ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ የስልኩን መብራት አብርታችሁ ብትቀርጹት፣ ባትሪም ሽቦም የሌለው ሰይፍ በምስሉ ላይ ሲነድ ታያላችሁ። ልጆች የራሳቸውን አጭር ፊልም ለመሥራት ሲሹ ከዚህ የሚረክስና ከዚህ የማያስቸግር ዘዴ አላውቅም። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው፤ ተመልካቹ ከመብራቱ አጠገብ ካልሆነ ምንም አያይም። ስለዚህ ለተውኔት መድረክ አይሆንም፤ ለመድረክ በእውነት የሚበራ ነገር ያስፈልጋል።

አሁን ወደ እጀታው ልለፍ። ፒቪሲ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ እጀታው አጭር ስለ ሆነም የሚደርስበት ጉብጠት አነስተኛ ነው። ማያያዣውና ክዳኑ በሱቁ ውስጥ በየመጠኑ የሚገኙ በመሆናቸው በቧንቧው ላይ በየቦታው ሲሰኩ የፊልሙን እጀታ የመሰለ ወጣ ገባ ቅርጽ ይሰጣሉ። ሰው ሁሉ የሚሰናከለው በመጠኑ ላይ ነው። «ባለ 1 ኢንች» የሚባለው የአሜሪካ ደረጃ ቧንቧ፣ ስኬጁል 40 የሚሉት፣ የውጭ ዲያሜትሩ 33.4 ሚሊ ሜትር፣ የውስጡም 26.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ኢንች ማለትም 25.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ልክ በየትኛውም በኩል አይገኝበትም። በሜትር የሚለካው ቧንቧ ደግሞ የሚጠራው በውጭ ዲያሜትሩ ነው። ስለዚህ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ስሙን ይዞ ሳይሆን ካሊፐር ይዞ ይሂድ። የ25.4 ሚሊ ሜትር ስለት በዚያ «ባለ 1 ኢንች» ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ክፍተት ይተርፋል፤ ይህም በስለቱ ጫፍ ላይ ጥቂት ዙር ፕላስተር በመጠቅለል ይሞላል።

ትልቁ የባትሪ ድንጋይ 34 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍር በዚህ ቧንቧ አይገባም። የግድግዳ ሰዓት የምናጎርሰው ትንሹ ድንጋይ ግን 14.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ሦስቱ በተርታ ሲደረደሩ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይፈጃሉ። ለስለቱ መቀርቀሪያ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ለመብራቱና ለማብሪያ ማጥፊያው 5 ሴንቲ ሜትር ብንተው የእጀታው ርዝመት 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የኋላው ክዳን ግን በማጣበቂያ አይዘጋ፤ ድንጋዩ መለወጥ አለበትና በብሎን ይያዝ። ቀለም ከመቀባቱ በፊት በቧንቧው ላይ የታተመው ጽሑፍ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፈግ፤ ቀለሙም የሚይዘው በሻከረው ገጽ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሙቀትና ስለ ጭስ ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ፒቪሲ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ በዚህም ምክንያት ጫፉን ማስፋት ወይም ማጥበብ የሚሻ ሰው በፈላ ውኃ ውስጥ ቢነክረው ይበቃዋል። በእሳት ላይ ማድረግ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ከዚህ ቁስ ክብደት ከግማሽ በላይ የሆነው፣ ይኸውም 57 በመቶ ያህሉ፣ ክሎሪን ነው፤ ሲቃጠል የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ይወጣዋል፤ ይህም ዐይንንና ሳንባን ይጎዳል። የቧንቧ ማጣበቂያውም ቢሆን የቧንቧውን ገጽ የሚያሟሟ፣ ትነቱ በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ስለ ሆነ ከምድጃና ከሲጋራ ርቆ፣ መስኮት ተከፍቶ እንጂ በልጆች መኝታ ክፍል ውስጥ አይሠራበትም።

የነገሩ ዋና ክፍል ስለቱ ነው። የውጭ ዲያሜትሩ 25 ሚሊ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱም 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ የፒቪሲ ቧንቧ እንውሰድ። ክብደቱ 160 ግራም ያህል ነው። ባዶ መሆኑ የሚያኮራው ነው፤ ያው ቁስ ድፍን ዘንግ ቢሆን ኖሮ ለመጉበጥ ያለው ተቃውሞ ወደ ስድስት እጅ ገደማ ይቀንስ ነበር። የሸምበቆ ጎራዴ ይዘው የሚጫወቱ ልጆች ይህን ያለ ቀመር ያውቁታል። በአግድም ሲያዝ ጫፉ በራሱ ክብደት የሚወርደው 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለዐይን ቀጥ ያለ፣ ለእጅም ቀላል ሆኖ ይሰማል። ገዢውን የሚያታልለውም ይኸው ነው።

በጫፉ ላይ የ50 ኒውተን ግፊት፣ ማለትም የ5 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል፣ በጎን ቢያርፍበት በእጀታው አፍ ላይ የሚፈጠረው ሞሜንት 40 ኒውተን ሜትር ነው። በዚያው ሥፍራ በቧንቧው ቆዳ ላይ የሚደርሰው ውጥረት ሲሰላ 52 ሜጋ ፓስካል ይሆናል። የፒቪሲ የመለጠጥ ጥንካሬ ደግሞ 50 ሜጋ ፓስካል ገደማ ነው። እንግዲህ ሁለት ልጆች ሰይፎቻቸውን አጠላልፈው ሲገፋፉ በቀላሉ ሊያደርሱ በሚችሉት ጉልበት ቧንቧው ወሰኑ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ይህ ቀስ ብሎ የሚመጣ ግፊት ሲሆን ነው። ምቱን ብናስብ፣ የስለቱ ጫፍ በሴኮንድ 10 ሜትር ፍጥነት ሲወነጨፍ የሚይዘው ኃይል 2.7 ጁል ነው፤ ይህም አንድ ኪሎ ግራም ዕቃ ከ27 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እንደ መውደቅ ያህል ነው። ለጌጥ ብሎ በጫፉ ላይ 20 ግራም ብረት የሚጨምር ሰው ይህን ኃይል በአንድ ጁል ከፍ ያደርገዋል። ጫፉ ቀላል ይሁን!

ታዲያ ፖሊካርቦኔት በምን ይሻላል? ብዙዎች «ይበልጥ ጠንካራ ስለ ሆነ» ይላሉ፤ አነጋገሩ ግን ትክክል አይደለም። የፖሊካርቦኔት ጥንካሬ ከ60 ሜጋ ፓስካል ጥቂት ያለፈ ሲሆን፣ ግትርነቱ እንዲያውም ከፒቪሲ ያነሰ ነው። ልዩነቱ ወሰኑ ከታለፈ በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ ነው። ፖሊካርቦኔት ጎብጦ፣ ተጨማድዶ፣ ጉልበቱን በውስጡ ውጦ ይቀራል። ፒቪሲ ግን ጭረት ወይም ቀዳዳ ባለበት በኩል ድንገት ይሰነጠቃል፤ በብርድ ጊዜና ለብዙ ጊዜ ፀሐይ ከመታው በኋላ ደግሞ ይብሱን ይሰባበራል። የተሰበረው ጫፍ እንደ ተሰነጠቀ አጥንት ሹል ነው። እኔ አንዱን ጥንካሬ፣ ሌላውን ቻይነት ብዬ እጠራቸዋለሁ፤ በዚህ ሥራ የሚፈለገው ቻይነት ነው። የፈረንሳይ የሰይፍ ግጥሚያ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2019 የብርሃን ሰይፍን ግጥሚያ እንደ ውድድር መቀበሉ በተነገረ ጊዜም የተጋጣሚዎቹ ስለት ፖሊካርቦኔት፣ ፊታቸውም በጭንብል የተሸፈነ ነበር። አክሪሊክን ደግሞ፣ ምንም እንኳ እንደ መስተዋት ቢያምር፣ እንደ መስተዋትም ስለሚሰበር በዚህ ጉዳይ ማንሣት አያስፈልግም።

ከቁሱ ምርጫ ያላነሰ ጉዳት የሚያደርሰው ቀዳዳ ነው። ስለቱ እንዳይወልቅ ብለው ብዙዎች በእጀታው አፍ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ በስተው ብሎን ያሳልፋሉ። ይህ ሥፍራ ሞሜንቱ ከሁሉ የበረታበት ነው፤ ክብ ቀዳዳም በዙሪያው ያለውን ውጥረት እስከ ሦስት እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል። ብሎኑ ስለቱን በስቶ ማለፍ የለበትም፤ ከአፉ ርቆ፣ በመቀርቀሪያው ታችኛ ጫፍ በኩል፣ ከውጭ ጠበቅ አድርጎ ይያዘው። መቀርቀሪያውም ከ10 ሴንቲ ሜትር አይነስ። ያ 40 ኒውተን ሜትር በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሲከፈል በእያንዳንዱ ጫፍ 400 ኒውተን ነው፤ በ5 ሴንቲ ሜትር ላይ ግን 800 ይሆናል፤ እጀታውንም ራሱን ይሰነጥቀዋል።

ስለ ብርሃኑ ስናነሣ ነጩ ፒቪሲ ሌላ ዕንከን አለበት። ነጭነቱ የመጣው ከተቀላቀለበት የታይታኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ስለ ሆነ ብርሃን አያሳልፍም፤ በውስጡ ብርቱ መብራት ቢደረግ እንኳ ፈዞ ይታያል። በርካሽ የሚገኘው ሌላው ቧንቧ፣ በምግብ ማምረቻ ቤቶችና በመጋዘኖች ውስጥ የፍሎረሰንት አምፖል ቢሰበር ስብርባሪው እንዳይበተን የሚለበስለት ግልጽ የፖሊካርቦኔት ሽፋን ነው። የአምፖሉ ዲያሜትር 26 ወይም 38 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ ሽፋኑም ለሰይፍ በሚስማማ መጠን ይገኛል። ግድግዳው ስስ በመሆኑ ለመታየት እንጂ ለመምታት አይሆንም፤ መድረክ ላይ ለሚወዛወዝ ሰይፍ ግን ከበቂ በላይ ነው። ብርቱ ምት ያለበት ግጥሚያ ከተፈለገ ግድግዳው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ፖሊካርቦኔት መግዛት ግዴታ ነው፤ በዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አልመክርም። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ፖሊካርቦኔትን በአሴቶን ማጽዳት ወይም በፒቪሲ ማጣበቂያ መንካት ገጹን በጥቃቅን ስንጥቆች ይሞላዋል፤ የገዛነውንም ቻይነት ያጠፋዋል። በሳሙናና በውኃ ይታጠብ።

መብራቱን በእጀታው ውስጥ አንድ ብቻ አድርጎ ብርሃኑን በቱቦው መስደድ ይቻላል፤ ወይም በቱቦው ሙሉ ርዝመት መብራቶችን መደርደር ይቻላል። የመጀመሪያው ርካሽ ነው። ቱቦው ግልጽ ከሆነ ግን ብርሃኑ በጫፉ ወጥቶ ያልፋል፤ ስለዚህ በውስጡ ብርሃን የሚበትን ስስ ነጭ የፕላስቲክ ወረቀት ይጠቀለላል፤ በጫፉም ትንሽ መስተዋት ወይም የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይደረጋል። የወረቀቱ ውፍረት ሚዛን ይጠይቃል። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ 20 በመቶ የሚሆነው ብርሃን ወደ ውጭ ቢወጣ 80 ሴንቲ ሜትር ላይ የሚደርሰው 17 በመቶ ብቻ ነው፤ ወረቀቱ ሲወፍር ሥሩ ይደምቃል፤ ጫፉ ይጠፋል። ደግነቱ ዐይናችን የድምቀትን ልዩነት አሳንሶ ስለሚያይ መጠነኛው መቀነስ አይታወቅም።

ለአንድ ትንሽ ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ ሒሳቡ አጭር ነው። ሦስቱ ድንጋዮች 4.5 ቮልት ይሰጣሉ፤ ኤል ኢ ዲው 3.2 ቮልት ያህል ይወስዳል፤ የቀረውን 1.3 ቮልት በ20 ሚሊ አምፔር ስናካፍለው 65 ኦም እናገኛለን፤ በሱቅ የሚገኘው ቅርቡ 68 ኦም ነው። ቀዩ 2 ቮልት ብቻ ስለሚወስድ ሬዚስተሩ ወደ 130 ኦም ከፍ ይላል። ሰማያዊውን ኤል ኢ ዲ ለማግኘት እስከ 1990ዎቹ መጠበቅ ነበረብን፤ ሦስቱ ጃፓን ተወላጅ ሳይንቲስቶች አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራም በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የወጣቱ ጀግና ሰይፍ በ1977 ሰማያዊ በነበረ ጊዜ ያንን ቀለም በእንዲህ ያለ ትንሽ መብራት ከቤቱ ሊያበራ የሚችል ሰው አልነበረም።

ተደርድረው የሚበሩት መብራቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ይደምቃሉ፤ ከእጀታውም ወደ ላይ ሲወጣ የሚመስል አበራር ይሰጣሉ። የሚበሉት ግን ብዙ ነው። በሜትር 60 መብራት ያለው ገመድ በ80 ሴንቲ ሜትር ላይ 48 መብራት ይኖረዋል፤ በሙሉ ነጭ ብርሃን እያንዳንዱ እስከ 60 ሚሊ አምፔር ሲስብ ድምሩ 2.9 አምፔር ያህል ይሆናል፤ በአንድ ቀለም ብቻ ሲበራ አንድ አምፔር ገደማ። ይህን ለማግኘት ሰዎች የሊቲየም ባትሪ ይጠቀማሉ። የሊቲየም ባትሪ በምት ወይም በሽቦ መነካካት ምክንያት አጭር ዙር ከፈጠረ በታሸገ ቧንቧ ውስጥ የሚነድ እሳት ነው፤ እጀታውም በልጅ መዳፍ ውስጥ ነው ያለው። ለዐዋቂ የሚሠራ ከሆነ የራሱ መከላከያ ያለው ባትሪና ፊውዝ ይደረግለት። ለልጅ በሚሠራው ግን ሊቲየም አይግባ፤ ልጅ ሊውጣቸው የሚችላቸው ክብ የሰዓት ባትሪዎችም አይግቡ፤ እነርሱ ሲዋጡ በሰዓታት ውስጥ የምግብ ቧንቧን ያቃጥላሉና።

እስካሁን የተናገርሁት መታየት ስላለበት ሰይፍ ነው። ልጆች ግን ሰይፍ ሲሰጣቸው ይመታሉ፤ «አትምቱ» የሚለው ትእዛዝ ከንድፍ ስሌት ውስጥ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ለልጆች ጨዋታ የምመክረው ስለቱ የማይበራውን ነው። የሙቅ ውኃ ቧንቧ የሚለብሰው ስፖንጅ መሰል ሽፋን በቀጭን የፒቪሲ ቧንቧ ላይ ይለበስ፤ ርዝመቱም ከ60 ሴንቲ ሜትር አይለፍ፤ ያን ጊዜ በሥሩ ላይ የሚደርሰው ሞሜንት በአንድ አራተኛ ይቀንሳል። የቧንቧው ጫፍ በክዳን ይዘጋ፤ ስፖንጁም ከጫፉ 5 ሴንቲ ሜትር አልፎ ይውጣ። በላዩ አንጸባራቂው ፕላስተር ሲጠቀለልበት ያው አስቀድሜ የገለጽሁት የስልክ ካሜራ ዘዴ ይሠራለታል፤ ሲመታ አይጎዳም፤ ውስጡ ቢሰበር እንኳ ስባሪው በሽፋኑ ውስጥ ይቀራል።

ከጨዋታ በኋላ ሽፋኑ ወደ ኋላ ተስቦ ቧንቧው በጣቶች ትንሽ ጎበጥ ተደርጎ በብርሃን ይታይ፤ ፒቪሲ ከመሰበሩ በፊት ብዙ ጊዜ በተጎዳበት በኩል የነጣ መስመር ያሳያል። በነጭ ቧንቧ ላይ ይህ መስመር ስለማይለይ ለውስጡ ግራጫ ወይም ጥቁር ቧንቧ መምረጥ ይሻላል። መስመሩ የታየበት ቧንቧ ተቈራርጦ ለእጀታ ይውላል።

በጠረጴዛው ላይ አንድ ግራጫ ፒቪሲና አንድ ፖሊካርቦኔት ቧንቧ በእኩል ርዝመት ተቀምጠዋል። የዐይን መከላከያ መነጽሩን እያደረጋችሁ በጉልበታችሁ ላይ ልትሞክሯቸው ትችላላችሁ፤ ጥያቄ ያለውም ሰው ቢጠይቅ በደስታ እቀበላለሁ።